«ወይን» ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው?

ጥያቄ፦ «ወይን» የምንለው ቃል ከእንግሊዝኛው «ዋይን» የተወሰደ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? መጠጡንስ «ዋይን» ብሎ መጻፍ ያስኬዳል?

መልስ፦ እውነት አይደለም። «ወይን» ግዕዝ ነው፤ በአክሱም ዘመን በተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ተክሉም መጠጡም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የጥንት እንግሊዞች ደግሞ «ዊን» ነበር የሚሉት። ረጅሙ «ኢ» ወደ «አይ» የዞረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1400 እስከ 1700 ገደማ በተካሄደው የአናባቢዎች ለውጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጆሮ የሚያታልለው መመሳሰል የቅርብ ጊዜ ነው። ሁለት ቃላት ሲያነጻጽሩ ከዛሬው አነባበብ አይነሱ፤ የሁለቱንም የቀድሞ መልክ ይፈልጉ።

ቀጥሎ የድምፅ ሕጉን ይፈትሹ። በግዕዝ በ«ወ» የሚጀምር ነባር ቃል በዕብራይስጥ በ«የ» ይጀምራል፦ ወለደ «ያላድ»፣ ወረደ «ያራድ»፣ ወረሰ «ያራሽ»። «ወይን» የሚለውም በዕብራይስጥ «ያይን» ነው። ቃሉ ዕብራይስጥ «ወ»ን ወደ «የ» ከመለወጡ በፊት በሴማውያን አፍ ነበረ ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ግን ተዋሰ። ከኢንዶ አውሮፓዊው ግንድ (እንግሊዝኛም ላቲንም ከተገኙበት ጥንታዊ ቋንቋ) የወረሳቸው ቃላት ምልክት አላቸው፤ የላቲኑ «ፐ» በእነሱ «ፈ»፣ «ደ»ውም «ተ» ይሆናል፦ «ፒስኪስ» (ዓሣ) «ፊሽ»፣ «ኤዶ» (እበላለሁ) «ኢት»። «ዋይን» ላይ የሚያጋልጠው አናባቢው ነው። ከጥንቱ «ዎይኖ» በቀጥታ ቢወረስ ኖሮ፣ ድንጋይን «ስቶን» እንደሚሉት ሁሉ፣ ዛሬ «ዎን» ይባል ነበር። «ኢ» ይዞ የተገኘው ከላቲኑ «ዊኑም» ስለተወሰደ ነው።

ላቲኑ፣ ጥንታዊው የግሪክ «ዎይኖስ»፣ የጆርጂያ «ግቪኖ» እና የእኛው «ወይን» በሩቅ መገናኘታቸው አይካድም። ማን ለማን አበደረ የሚለው ግን ሊቃውንትን እስካሁን ያከራክራል። በጆርጂያ 8,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የሸክላ ዕቃዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት መገኘቱ ብዙዎችን ጆርጂያ ወዳለችበት ወደ ካውካሰስ አካባቢ እንዲያዩ አድርጓል፤ ሸክላ ግን የሠሪውን ቋንቋ አይናገርም።

ወደ አጻጻፉ ስንመለስ፣ «ዋይን» አያስፈልግም። መጠጡ «ወይን ጠጅ»፣ ፍሬው «ወይን»፣ እጅብ ብሎ የሚንጠለጠለው «የወይን ዘለላ»፣ ተክሉ «የወይን ሐረግ» ነው። «አንድ ኪሎ ወይን» ብሎ ማሳጠር አያደናግርም፤ «ወይን ገዛ» ግን ፍሬ ይሁን መጠጥ አይለይምና «ጠጅ»ን አይተዉ። ስለ ቀለም ሲጽፉ ደግሞ «ወይን ጠጅ ቀለም» ብለው ይሙሉት።