«ጉም» ወይስ «ቁም»? የጆሮ መሰኪያና የሄልሜት ኢንተርኮም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር በየሞተር ሳይክላችን ተነስተን፣ በሞንተሬይ አድርገን፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዘን እስከ ቢግ ሰር እንሄዳለን። ሁለታችንም ሄልሜታችን ላይ እየነዳን የምንነጋገርበትን የብሉቱዝ ኢንተርኮም አስገጥመናል። ጓደኛዬ ጆሮውን በመሰኪያ ደፍኖ ነው የሚነዳው፤ እኔ ግን ጆሮዬን ደፍኜ እንዴት ልሰማ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አልሞከርኩትም፤ ይልቁንም የኢንተርኮሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደርገዋለሁ። ያም ሆኖ ባለፈው ወር ቢክስቢ ድልድይ አጠገብ ከፊት ይመራ የነበረው ጓደኛዬ «ጉም አለ» ሲለኝ «ቁም» ያለኝ መስሎኝ በድንገት ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ መኪና ስላልነበረ ነው የተረፍኩት። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ጆሮዬ ጭው ይላል። መሰኪያ ባደርግ ጭራሽ ደንቆሮ አልሆንም ወይ? ሕጉስ ይፈቅዳል?

አንድ አንባቢ፣ ከኦክላንድ

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። መሰኪያው የሚቀንሰው የኢንተርኮሙን ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስጋትዎ ተገቢ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን የሚቀንሰው ወደ ጆሮዎ የሚገባውን ሁሉ፣ የጓደኛዎን ቃል የሚሸፍነውን የነፋስ ጩኸት ጭምር ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሄልሜትዎ ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው እንበል፤ የጓደኛዎን ንግግር ለመለየት ደግሞ ስፒከሩን 105 ዴሲቤል ድረስ አድርሰውታል። ድምፅን በ20 ዴሲቤል የሚቀንስ መሰኪያ ሲያደርጉ ነፋሱ ወደ 80፣ ንግግሩ ወደ 85 ይወርዳል። በሁለቱ መካከል የነበረው የ5 ዴሲቤል ብልጫ አልተነካም፤ የተለወጠው ጆሮዎ የተሸከመው ጫና ነው።

ከዚህም በላይ፣ ጆሮ በከፍተኛ ጩኸት ውስጥ ሲሆን ድምፅን የመለየት ችሎታው ራሱ ይደክማል። የነፋስ ድምፅ በአብዛኛው ወፍራም ጉርምርምታ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ወፍራም ድምፅ ከመጠን ሲያልፍ የራሱን ክልል ብቻ ሳይሆን ከእሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆችም ይውጣል። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት እዚያው በቀጫጭኖቹ ዘንድ ነው። «ጉም» እና «ቁም» የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ መሆኑን፣ ያችም ፊደል ከሰከንድ ሽርፍራፊ ባነሰ ጊዜ ፈንድታ የምታልፍ መሆኗን ሲያስቡት፣ የደረሰብዎት ነገር አያስገርምም። ስፒከሩን ከፍ ማድረግዎ «ኡም» የሚለውን አጎላልዎት እንጂ «ቁ»ን ከ«ጉ» አልለየልዎትም። ይህን ካነሳን አይቀር፣ ከጓደኛዎ ጋር ቃላት ብትመርጡ መልካም ነው፤ ለጉም «ጭጋግ»፣ ለማቆም ደግሞ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ «አቁም፣ አቁም» ማለት ነገሩን ያቀለዋል።

ጭው ማለቱን ቀላል አድርገው አይዩት። በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም ወደ 105 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት፣ ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እንደ ሄልሜቱ ዓይነትና እንደ ሞተሩ የንፋስ መከላከያ ቢለያይም 95 እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀድለታል። እርስዎ ከኦክላንድ እስከ ሞንተሬይ ባለው ፈጣን መንገድ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይነዳሉ፤ በዚያ ላይ ስፒከሩን ጨምረውበታል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ስለ ሐሜት ቢሆንም እዚህም ይሠራል፤ የመስማት ጉዳት አያምም፣ አይደማም፣ ቀስ እያለ ይመጣል። እኔም ያለ መሰኪያ በነዳሁባቸው ዓመታት ጉዳቱን የነገረችኝ ባለቤቴ እንጂ ጆሮዬ አልነበረም፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በየዓመቱ ከፍ እያለ መሄዱን አስተውላ ነው። የጠፋው የመስማት ኃይል አይመለስም፤ ስለዚህ ጭው የሚለው ነገር እስከ ማግስቱ ማታ ካልተወዎት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይመርመሩ።

ሄልሜት በመለወጥ ብቻ መገላገል የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ጥሩ ሄልሜት ይረዳል፤ ነገር ግን ጩኸቱ በብዛት የሚገባው ከአገጭ ሥርና ከአንገት በኩል ስለሆነ፣ ውድ ሄልሜት ገዝቶ አንገትን ክፍት መተው ብዙም አያተርፍም። ወፈር ያለ የአንገት ልብስ ጥሩ ያግዛል።

አሁን ወደ መሰኪያው እንምጣ። ርካሹ የስፖንጅ መሰኪያ በሚገባ ከገባ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ይቀንሳል፤ በአሜሪካ ማሸጊያዎች ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ የሚገልጽ 29 ወይም 33 የሚል ቁጥር ያዩበታል። ይህ ቁጥር በቤተ ሙከራ የተለካ ስለሆነ፣ በተራ ሰው ጆሮ ላይ የሚገኘው ውጤት ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ችግሩ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ መቀነሱ ነው። ግማሹ ውጭ ቀርቶ ከተሰካ ደግሞ የባሰ ይሆናል፤ ጉርምርምታው በክፍተቱ ሾልኮ ይገባል፣ ተነባቢዎቹ ውጭ ይቀራሉ። «መሰኪያ ሞክሬ ምንም አልሰማ አልኩ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የሞከሩት ይህንን ይመስለኛል። በእጅዎ ላይ ቆሻሻ እንዳይኖር ታጥበው፣ ስፖንጁን በጣቶችዎ እያድበለበሉ እንደ ጧፍ ያቅጥኑት፤ የቀኙን ሲያስገቡ ግራ እጅዎን በራስዎ ላይ አሻግረው የቀኝ ጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ያስገቡትና እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣትዎ ይያዙት። ከዚያ ጆሮዎችዎን በመዳፍዎ ግጥም አድርገው ሸፍነው ይልቀቁ፤ የድምፁ ልዩነት እምብዛም ከሌለ በሚገባ ገብቷል ማለት ነው።

ለእርስዎ ዓይነቱ ጉዞ ግን እኔ የምመርጠው ማጣሪያ ያለውን የሲሊኮን መሰኪያ ነው። የሚቀንሰው ከስፖንጁ ያነሰ ቢሆንም ወፍራሙንም ቀጭኑንም ተቀራራቢ አድርጎ ስለሚቀንስ ንግግር ቅርጹን አይለቅም። ሲገዙ አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፤ ጭራው ከጆሮ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ሄልሜቱን ሲያጠልቁ ይነቀላል፣ ወይም ስፒከሩ እየገፋው ከአንድ ሰዓት በኋላ ያምዎታል።

መሰኪያ አድርገው ኢንተርኮሙ አሁንም ካነሰብዎት ጥፋቱ ከመሰኪያው ሳይሆን ከስፒከሩ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሙዚቃ ይክፈቱና ሄልሜቱን እንዳጠለቁ ግራና ቀኙን በመዳፍዎ ወደ ጆሮዎ ጫን ያድርጉት። ድምፁ በግልጽ ከጨመረ ስፒከሩ ከጆሮዎ ርቋል ወይም ከቀዳዳው ፊት ለፊት አይደለም። አመልካች ጣትዎን ከሥር አስገብተው የጆሮዎ ቀዳዳ የት ላይ እንደሚያርፍ ይፈልጉ፣ ቦታውን በቁራጭ ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፣ ከዚያ ስፒከሩን ነቅለው እዚያው ላይ መልሰው ይለጥፉት፤ ከራቀም ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ስስ ስፖንጅ ከኋላው ይደርቡለት። አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ለውጥ የሚያመጣውን ልዩነት ካልሞከሩት አያምኑም።

ጆሮ ሲደፈን የራስዎ ድምፅ በጭንቅላትዎ ውስጥ እንደ ከበሮ ስለሚጎላ፣ የጮኹ መስሎዎት ሳያውቁ ዝቅ አድርገው ይናገራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ምን አልክ?» የሚለው ጓደኛዎ ይሆናል ማለት ነው። ማይኩን ከንፈርዎን ሊነካ እስኪቃረብ ያስጠጉት፣ ድምፅዎንም ሆን ብለው ከፍ ያድርጉ። ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ደግሞ መሰኪያውን ከመንቀልዎ በፊት የኢንተርኮሙን ድምፅ ይቀንሱ።

ሕጉን በተመለከተ የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 27400 አሽከርካሪ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በኢርፎን ወይም በመሰኪያ እንዳይደፍን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ጎጂ ጩኸትን ለመቀነስ ተብሎ የተሠራ፣ የአደጋ መኪና ሳይረንና የመኪና ጡሩምባ እንዳይሰማ የማያግድ መሰኪያ ከክልከላው ውጭ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ የሚያሰማ ኢርፎን በሁለቱም ጆሮ ከሄልሜት ሥር ማድረግ አይቻልም፤ ለጩኸት መከላከያ የተሠራው ግን ይቻላል። ማሸጊያውን ኪስዎ ውስጥ ይዘው ቢጓዙ ፖሊስ ሲያስቆምዎት ማስረዳቱ ይቀላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ምግብና ዕቃ አደርሳለሁ። ኢንተርኮም ስለሌለኝ ደንበኛ ሲደውል ለማንሳት አንድ ኢርፎን በግራ ጆሮዬ ሰክቼ ነው ሄልሜት የማጠልቀው። እኔም የጆሮ መሰኪያ ያስፈልገኛል?

አንድ ሞተረኛ፣ ከገርጂ

መልስ፦ በከተማው ፍጥነት ብዙም አያስፈልግዎትም። የነፋስ ድምፅ ከሌላው ሁሉ ገኖ የሚወጣው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ ነው፤ በገርጂና በቦሌ መካከል ይህን ፍጥነት የሚያገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ኢርፎኑ ነው። ድምፅ ከየት በኩል እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱን ጆሮዎቻችንን በማነጻጸር ስለሆነ፣ አንዱ ሲደፈን ሚኒባሱ ጡሩምባ መንፋቱን ይሰማሉ፣ በቀኝ ይሁን በግራ ግን መለየት ያስቸግርዎታል። ሄልሜት ውስጥ የሚለጠፍ ቀላል የብሉቱዝ ስፒከር ቢያስገጥሙ ጆሮዎ ክፍት ሆኖ ይሰማሉ፤ ረዘም ላለ ንግግር ግን ዳር ይዘው ይቁሙ። ዕቃ ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱበት ቀን ከመጣ፣ ለገጣፎን አልፈው መንገዱ ሲከፈት ቆም ብለው የስፖንጁን መሰኪያ ያድርጉ፤ ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ፍጥነትዎ ስለሚቀንስ ሊያወልቁት ይችላሉ።