ጥያቄና መልስ፦ በግል ያት (በመዝናኛ ጀልባ) ሌላ አገር ስትገቡ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን እንዴት ነው?

ቺፍ፦ ሰላም የባህር ዳር ልጆች። እረፍት ላይ ስለሆንኩ ከተማ ነኝ። ከማሪታይም (ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከበኞች ማሰልጠኛ) ተመርቃችሁ የግል ያት ላይ ስራ ያገኛችሁም የምትፈልጉም በውስጥ መስመር አንድ አይነት ነገር ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ሁሉም እያየ ልመልስ ብዬ ነው። የሞተር ሰው ነኝ፣ ጭነት መርከብ ላይ ሰርቼ ነው ወደ ያት የገባሁት። ደሞዝ አትጠይቁኝ። ስትጠይቁ የምትገቡበትን አገር፣ የጀልባዋን ባንዲራ (የተመዘገበችበትን አገር) እና የያዛችሁትን ቪዛ ጻፉ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ፦ ካፒቴኑ ወረቀቱን ጨርሶ ሳይመለስ ማንም እግሩን መሬት አያሳርፍም።

ዴክ ካዴት፦ ቺፍ ከመጀመሪያው እንጀምር፣ በአውሮፕላን ከመግባት በምን ይለያል?

ቺፍ፦ ጥሩ ጥያቄ። ኤርፖርት ላይ አየር መንገዱ ቪዛህን ሳያይ አያሳፍርህም፣ ስትደርስም ተሰልፈህ ራስህ ትቀርባለህ። በጀልባ ግን ማንም ቀድሞ አላየህም፣ ሄዶ ለመንግስት መታየት ያንተ ግዴታ ነው፣ ተጠያቂውም ካፒቴኑ ነው። ደስ ባለህ ዳርቻ መልህቅ መጣል የለም፣ እያንዳንዱ አገር የተፈቀደ መግቢያ ወደብ አለው። ለምሳሌ ሲሼልስ መጀመሪያ ማሄ ደሴት ላይ ቪክቶሪያ ወደብ መግባት አለብህ፣ ሌሎቹ ደሴቶች ከዛ በኋላ ናቸው።

የግዛት ውሃው 12 የባህር ማይል ነው፣ እሱ ጋ ስትደርሱ ቢጫው ባንዲራ ይሰቀላል። ትርጉሙ ጀልባዬ ላይ በሽታ የለም፣ መግቢያ ፍቀዱልኝ ነው። በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ ወደቡን ትጠራላችሁ፣ እነሱ ወደ ሌላ ቻናል ይወስዷችኋል። ከዚያ ወይ ሰዎቹ ጀልባዋ ላይ ይመጣሉ ወይ ካፒቴኑ ብቻውን የሁሉንም ፓስፖርት፣ የሰራተኛ ዝርዝር፣ የጀልባዋን ምዝገባ፣ ኢንሹራንስና ካለፈው ወደብ የተሰጠውን የመውጫ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ጤና፣ ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ፣ ቅደም ተከተሉ እንደ አገሩ ነው። ሲያልቅ ቢጫው ይወርድና የአገሩ ባንዲራ በቀኝ በኩል ይሰቀላል። የመውጫ ወረቀቱን የሚንቅ ሰው አለ፣ አትናቁ፣ ቀጣዩ አገር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የዘጌው፦ ከጣና ተነስቼ አባይን ይዤ ሱዳን ብገባስ የት ነው ማህተም የሚመታልኝ 😀

ቺፍ፦ ጢስ እሳት ፏፏቴ አለ። አይቻልም። ቀጣይ።

ጎርጎራ፦ እሱ ይቅር፣ ጣና ላይ ያት ማስገባት ግን ይቻላል? ለቱሪዝም ቢሆን?

ቺፍ፦ በመኪና ተጭና በጅቡቲ በኩል እንደማንኛውም እቃ ቀረጥ ከፍላ ነው የምትገባው፣ ያ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ጠይቅ።

የሽምብጥ ልጅ፦ ቆይ ግን ባህር በሌለበት አገር መርከበኛ ማሰልጠን ምን ይባላል? አሰብ ቢኖረን ይሄ ሁሉ...

ዴክ ካዴት፦ ወንድሜ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሩቆች ዛሬ በአለም ወደቦች ሁሉ እየሰሩ ነው፣ መርከብ ላይ ለመስራት ወደብ መኖር አያስፈልግም።

የሽምብጥ ልጅ፦ አሰልጥኖ ለሰው አገር መላክ ነው እኮ የምለው

ጎርጎራ፦ እሱ ያልከው አሰልጥኖ ስራ ካጣው አይሻልም?

ቺፍ፦ የአሰብን ነገር ሌላ ቀን። ዛሬ ወረቀት ነው።

ቤዛዊት፦ ቺፍ፣ ግሪክ ላይ በምትነሳ ያት በስቱዋርደስነት (በእንግዳ አስተናጋጅነት) ስራ አግኝቻለሁ፣ የማልታ ባንዲራ ናት፣ በበጋው ግሪክና ቱርክ ይመላለሳሉ ተብያለሁ። ቪዛዬ ሸንገን ነው። ካፒቴኑ ችግር የለውም ብሎኛል።

ቺፍ፦ እህቴ እንዲህ ተብራርቶ ሲጠየቅ ነው ደስ የሚለኝ። ቪዛሽ ስንት ጊዜ ያስገባል? አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ስራውን ከመቀበልሽ በፊት ንገሪያቸው። የግሪኳ ኮስ ደሴትና የቱርኳ ቦድሩም ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፣ እንግዶቹ ምሳ ቱርክ እንብላ ካሉ ይሻገራሉ። አንቺ ከግሪክ መውጣትሽ ሲመዘገብ ሸንገንሽ እዛው አለቀ፣ ማታ ጀልባዋ ስትመለስ ጀልባዋ ትገባለች አንቺ አትገቢም። ቱርክም ለኛ ፓስፖርት የራሷን ቪዛ ትፈልጋለች።

ካፒቴኑ ችግር የለውም ያለሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። አብዛኞቹ በአውሮፓ ፓስፖርት ስለሚሄዱ ለነሱ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፣ አይታያቸውም። ስለዚህ ስለራስሽ ፓስፖርት አንቺ ነሽ የምታስቢው፣ በጽሁፍ ጠይቂ፣ በጽሁፍ ይመለስልሽ።

ሌላው፣ የጀልባዋ ጊዜና የሰው ጊዜ የተለያየ ነው። ከአውሮፓ ህብረት ውጭ የተመዘገበች፣ ባለቤቷም ውጭ የሚኖር ጀልባ ቀረጥ ሳትከፍል እስከ 18 ወር መቆየት ትችላለች። የማልታ ባንዲራ የህብረቱ ስለሆነ ያንቺዋን ይሄ አይመለከታትም፣ ለሌሎቻችሁ ነው የምለው። ሰው ግን በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ጀልባዋ 18 ወር ስለተፈቀደላት እኔም ተፈቀደልኝ ብሎ የሚያስብ አለ፣ ያ የጉምሩክ ነው፣ ኢሚግሬሽን አያውቀውም። ጭነት መርከብ ላይ በመርከበኛ መታወቂያ ወደብ ወርዳችሁ ዞራችሁ የምትመለሱበትን ልማድም ረሱት፣ የግል ያት ላይ ብዙ ቦታ እንደ ቱሪስት ነው የምትታዩት።

ደግሜ፦ ካፒቴኑ ሳይመለስ መውረድ የለም። ኢሚግሬሽን ላይ መግባቱ ያልተመዘገበ ሰው መንገድ ላይ ቢያዝ በህገወጥ መንገድ የገባ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ወደ ውጭ በያት ለመግባት ምን ምን ያስፈልጋል?

ቺፍ፦ ከላይ አንብብ።

ፓፒረስ፦ አሜሪካስ? ፍሎሪዳ ስራ ብዙ ነው ይላሉ።

ቺፍ፦ ለግል ያት ሰራተኛ የተለመደው ቢ-1 ቪዛ ነው፣ ለንግድ መርከብ ሰራተኛ የሚሰጠው ሌላ ነው፣ ኢንተርቪው ላይ ጀልባዋ የግል መሆኗን በግልጽ ተናገር። በነገራችን ላይ አውሮፓውያኑም ያለ ቪዛ የሚገቡበት የኢንተርኔት ፈቃድ በግል ጀልባ ሲመጡ አይሰራላቸውም፣ እነሱም ቪዛ ማውጣት አለባቸው።

የሽምብጥ ልጅ፦ አንድ ደላላ የያት ክሩ (ሰራተኛ) ቪዛ አለኝ ብሎ ብር እየጠየቀኝ ነው። አውስትራሊያ ስደርስ ወደቡ ላይ ይሰጠኛል አለ። ልክፈል?

ቺፍ፦ አትክፈል! አውስትራሊያ በጀልባ የሚደርስ ሰው ሁሉ ከመድረሱ በፊት ቪዛ በእጁ መኖር አለበት፣ ወደብ ላይ የሚሰጥ ነገር የለም። ጀልባዋ ራሷ ከመድረሷ ቢያንስ ከ12 ሰአት በፊት ማሳወቅ አለባት፣ ሳያሳውቅ የገባ ይቀጣል። ደግሞ ኤምኤልሲ 2006 የሚባለው የመርከብ ሰራተኞች ስምምነት ስራ የሚያገናኝ ሰው ከሰራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል፣ የፓስፖርት፣ የመርከበኛ መታወቂያና የህክምና ወረቀት ወጪ ብቻ ነው ያንተ የሚሆነው። ለባለቤቱ መዝናኛ ብቻ የምትሄድ ያት ከስምምነቱ ውጭ ናት፣ በኪራይ የምትሰራዋ ውስጥ ናት። ግን የትኛዋም ብትሆን ብር አስቀድሞ የሚቀበልህን ሰው ሽሸው። ቤተሰብ መሬት ሸጦ የከፈለባቸው ልጆች ስላሉ ነው የምጮኸው።

ዴክ ካዴት፦ ኒውዚላንድስ? እናቴ ማርና በርበሬ ካልያዝክ እያለች ነው።

ቺፍ፦ ማር ኒውዚላንድ አይገባም፣ የጎጃሙም ቢሆን። በርበሬና ሽሮውን ቅጹ ላይ ሞልተህ አሳይ፣ ያስመዘገብከው ነገር ቢበዛ ይወሰድብሃል፣ የደበቅከው ግን ያስቀጣሃል።

ኒውዚላንድ ላይ ትልቁ ነገር ግን የጀልባዋ ሆድ ነው፣ እዚህ ላይ ልጻፍ። ከመድረሳችሁ 48 ሰአት በፊት ታሳውቃላችሁ፣ ከውሃ በታች ያለው አካሏ ንጹህ መሆኑንም በማስረጃ ታሳያላችሁ፣ አንዱ መንገድ ከመድረሷ በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ መታጠቧን ማሳየት ነው። ዴክ ላይ ያሉት ልጆች ጎኗን አሽተው ያብረቀርቁና ጨረስን ይላሉ። መርማሪው የሚያየው ጎኗን አይደለም፣ ፕሮፔለሩን፣ መሪውን፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ነው፣ ዛጎልና አልጌ የሚደበቀው እዛ ነው፣ ያ ደግሞ የኛ የሞተር ሰዎች ስራ ነው። ደረሰኙን፣ ከማጽዳት በፊትና በኋላ የተነሳውን ፎቶ በቀን በቀን አስቀምጡ።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ለሚል የባህር ዳር ልጅ ማብራራት የለብኝም፣ ጣናን ሄዶ ይይ። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከትንሽ ቁራጭ ይራባል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ አመታት ይቆያል።

ጎርጎራ፦ እሱማ በጊዜ ቢነቀል ኖሮ! ገበሬው በእጁ ሲነቅል ማሽን እየተባለ ስንት አመት ሄደ

የዘጌው፦ ማሽኑም መጥቶ ምን ሰራ፣ እየቆራረጠ አይደል የበተነው

ጎርጎራ፦ በእጅ ብቻ ያን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል? የሰሜኑን ዳርቻ አይተሃል አንተ?

የዘጌው፦ እየኖርኩበት ነው የምነግርህ

ቺፍ፦ ሁለታችሁም ልባችሁ ስለተቃጠለ ነው፣ የኔም ተቃጥሏል። መርማሪ ካሜራ ጀልባዋ ስር ሲያስገባ አትነጫነጩ ለማለት ነው ያነሳሁት። ወደ ወረቀቱ እንመለስ።

ፓፒረስ፦ ጫት?

ቺፍ፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክልክል፣ አሜሪካም ክልክል። አንድ ሰው ካቢኑ ውስጥ የደበቀው እቃ ሙሉ ጀልባዋን ያስይዛል። ጥሬ ገንዘብም አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ አውሮፓ ህብረት ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ ይመዘገባል። መጠጥ ሲበዛ ጉምሩክ ቁምሳጥኑን ያሽጋል፣ ማህተሙን አትንኩ። ጠንካራ የህመም ማስታገሻ የሀኪም ወረቀት ይኑረው።

የሽምብጥ ልጅ፦ በቀይ ባህርና በስዊዝ ማለፍስ?

ቺፍ፦ ስዊዝ ላይ ያት በኤጀንትና በፓይለት (በወኪልና በመንገድ መሪ) ነው የሚያልፈው፣ ብዙ ጊዜ ኢስማኢሊያ አድሮ። ቀይ ባህርን እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጥቃቶች ወዲህ ብዙ ያቶች ትተውታል። የሚሄድ ካለ ኢንሹራንሱ መሸፈኑን ይጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ቪዛ የማይጠይቅ አገር የለም?

ቺፍ፦ በመጨረሻ ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፣ ሲሼልስም ቪዛ አትጠይቅም፣ የጉዞ ፈቃድ ግን ቀድመህ በኢንተርኔት ታወጣለህ።

ቤዛዊት፦ አንድ የመጨረሻ፣ ስራው ባይስማማኝና መሀል ላይ ልልቀቅ ብልስ?

ቺፍ፦ ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ መውረድ የለም። ስምሽ የሰራተኛ ዝርዝሩ ላይ እስካለ ድረስ ኢሚግሬሽን የሚያውቅሽ ከጀልባዋ ጋር ነው፣ አገሩ ካፒቴኑን የሚይዘው አንቺን ይዞ በመግባቱ ነው። ካፒቴኑ ቢሮ ሄዶ ከዝርዝሩ ያስወጣሻል፣ አብዛኛው ቦታ የመመለሻ ትኬትሽን ያያሉ፣ ፓስፖርትሽ ላይም ይጻፋል። የትኬቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ኮንትራቱ ላይ ሳትፈርሚ እዪው፣ ከሌለ አስጽፊ። ፓስፖርትሽንም ለወረቀት ስራ ለካፒቴኑ ትሰጪዋለሽ፣ ሲጨርስ ተቀበዪው።

አዲስ ገቢ፦ ሲሼልስ ስንደርስ ግን ካፒቴኑ እስኪመለስ ወርዶ ሲም ካርድ መግዛት ይቻላል?

ቺፍ፦ አይቻልም።