«ማራገፍ» ነው ወይስ «ማሠራት»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የስልክ ባትሪ ለመቆጠብ የአፕን ከባድ ስሌት ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኙ የሩቅ ኮምፒውተሮች፣ ስለመላክ ነው። እንግሊዝኛው «ኦፍሎዲንግ» ይለዋል፣ እኔ «ማራገፍ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አንብቦ «አፑ ከጠፋ በኋላ ታዲያ በምን ይሠራል?» አለኝ። ምን ብለው ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛህ እውነቱን ነው። «ማራገፍ» ስልክ ላይ ሌላ ሥራ ይዟል። አንድሮይዱን በአማርኛ ያደረገ ሰው «ጫን» እና «አራግፍ» የሚሉትን ያውቃቸዋል፤ አንዱ አፕ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። ይህ ባይኖር እንኳ ቃሉ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው። መኪና ጭነቱን ሲያራግፍ፣ ሰው ከጋቢው ላይ አቧራ ሲያራግፍ የምናየው ሸክሙ መውረዱን ነው፣ ማን እንደተቀበለው ቃሉ አይነግረንም። አንተ የምትጽፈው ግን ሌላ ተቀብሎ፣ ሠርቶ ስለሚመልሰው ነገር ነው።

ለዚህ አማርኛ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ «አስ»። እናትህ ቤት ውስጥ ከፈጨች «ፈጨች» ነው፣ እህሉን ወፍጮ ቤት ከላከች ደግሞ «አስፈጨች»። እህሉ የእሷ ነው፣ ዱቄቱም ወደ ቤቷ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ግን የወፍጮው ነው። ስልክና ክላውድም ልክ እንዲሁ ናቸው! «ጻፈ» ብለን «አስጻፈ»፣ «ሠራ» ብለን «አሠራ» እንላለን። («አሠራ» ላይ «ሠ» የሚጠብቀው የ«አስ» «ስ» ከእሱ ጋር ስለተዋሃደ ነው።) «ማስላት» ላይ ግን ይህን አትሞክር፤ «ማሳሰላት» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ «ስሌቱን በክላውድ ማሠራት» በል።

«ማስተላለፍ»ስ? ፋይል መላክ ይመስላል። «ማጋራት» ደግሞ ፎቶ ለወዳጅ የምንልክበት ቁልፍ ሆኗል። «ደመና» የሚሉትን አልቃወምም፣ ግን «ክላውድ»ን አንባቢህ ስለለመደው እሱኑ ያዝ።

ወፍጮውን ያነሳሁት ለሰዋስው ብቻ አይደለም። አንድ ጣሳ እህል ተሸክሞ ሩቅ ወፍጮ ቤት የሚሄድ የለም፣ መንገዱ ከመፍጨቱ ይበልጥ ያደክማላ። ስልክም ዳታ ሲልክ ባትሪ ይበላል፣ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ኩማርና ሉ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ቼዝን ምሳሌ አድርገዋል፤ በ64ቱ ካሬዎች ላይ የቆሙትን ጠጠሮች አቀማመጥ ለመላክ ጥቂት ባይት ይበቃል፣ ጥሩውን እርምጃ መፈለግ ግን እጅግ ብዙ ስሌት ይጠይቃል። እዚያ መላኩ ያዋጣል። ትልቅ ቪዲዮ ልኮ ትንሽ ነገር ማሠራት ግን አያዋጣም። ይችን «ያዋጣል» የምትል ቃል ጽሑፍህ ውስጥ አትርሳት፤ ገበያ ውስጥ የምንላት ራሷ ናት፣ ወጪና ጥቅምን ባንድ ቃል ትመዝንልሃለች።

ርዕስህን «የባትሪ ቁጠባ በሞባይል አፖች፦ ከባድ ስሌትን በክላውድ ማሠራት» ብትለው ደስ ይለኛል። «ኦፍሎዲንግ»ን መጀመሪያ ላይ አንዴ ጥቀሰውና ተወው። ከዚያ ለጓደኛህ ይህን አንብብለት፦ «ስልኩ ቀጣዩን እርምጃ ራሱ አያሰላም፣ በክላውድ ያሠራና መልሱን ይቀበላል።» አሁንም አፑ የጠፋ ከመሰለው ጻፍልኝ።