አንዱ ጆሮ አልፎ ሌላው ሲቀር፦ ለሳቢያኗ እናት

የድሬዳዋ ሳቢያኗ እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ 4 ወሩ ነው። ሲወለድ ቢጫ ሆኖ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መብራት ስር ተኝቷል፣ መርፌም ተወግቷል። አሁን ጆሮው ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ከተው ለኩትና «ቀኙ አልፏል፣ ግራው አላለፈም፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል» አሉሽ። አማትሽ ግን በር ሲዘጋ ስለሚደነግጥ ደህና ነው ይላሉ። «አይሰማም ማለት ነው? አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ ወይስ ትንሽ ይደግ?» ብለሻል።

አቦ፣ መጀመሪያ አትደንግጪ። አላለፈም ማለት አይሰማም ማለት አይደለም። ግን ይደግ ብለሽ አትጠብቂ። ስትሄጂ ደግሞ ያለፈውን ቀኝ ጆሮም አስመርምሪ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ማንም ስላልነገረሽ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

የተደረገለት ምርመራ ኦኤኢ ይባላል። ጫፏ ለስላሳ ጎማ የሆነች ነገር ጆሮው ቀዳዳ ላይ ትገባለች። ትንሽ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን አላት። ድምፅ ትልክና ዝም ብላ ታዳምጣለች። የምታዳምጠው ጆሮው ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ ነው። አዎ፣ ጤነኛ ጆሮ ድምፅ ያወጣል። ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው በ1978 እ.ኤ.አ. ለክቶ ያሳየው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ፣ ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ ክፍል፣ በአንድ ጆሮ ወደ 12,000 የሚጠጉ ውጫዊ ጸጉር መሰል ሴሎች አሉ። ድምፅ ሲደርሳቸው ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ፤ ደካማውን ድምፅ የሚያጎሉት እነሱ ናቸው። ያ እንቅስቃሴ ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል። አንዱ ዓይነት መሣሪያ እንዲያውም ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ይልክና ጆሮው ከሁለቱ የፈጠረውን ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። እኔ ይህን ስሰማ ገርሞኝ አላባራም። ልጁ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ተኝቶም ይለካል።

ታዲያ ድምፁ ሲገባም ሲመለስም በመካከለኛው ጆሮ ያልፋል። መንገዱ ላይ ኩክ ካለ፣ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ከተጠራቀመ፣ ውስጠኛው ጆሮ ደህና ሆኖም መሣሪያው ምንም አይሰማም። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥመዋል። ጫጫታም ያበላሸዋል። የእኔን ልጅ ሲለኩ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ ቬንቲሌተሩ ሲዞር መሣሪያው አልለካም አለ። ሲያጠፉት ልጅቷ በላብ ተጠመቀች፣ ነቃች፣ ማልቀስ ጀመረች። በመስኮቱ ስር ደግሞ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል። ጡት ሰጥቻት ጭልጥ ብላ እስክትተኛ ጠብቀን ነው የተለካው። ስለዚህ መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን ይይለትና ኩክ ካለ ያውጣለት። ከዚያ ቲምፓኖሜትሪ ይሠራለት። እሱ የታምቡሩን እንቅስቃሴ በአየር ግፊት የሚለካ አጭር ምርመራ ነው፤ ፈሳሽ ካለ ይጠቁማል። ከዚያ ኦኤኢው ይደገም። እስከዚያ ዘይትም ሆነ የጡት ወተት ጆሮው ውስጥ እንዳይጨምሩበት አደራ።

ኦኤኢ የማይነግርሽም አለ። አንደኛ፣ ልኩን አይነግርሽም። የመስማት ጉድለቱ 40 ዴሲቤልም (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ሆነ 90 ዴሲቤል ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያው አላለፈም ነው። ሁለተኛውና ትልቁ፣ ምርመራው እነዚያን ሴሎች ብቻ ነው የሚያየው። ከእነሱ ወዲያ ድምፁን ወደ አእምሮ የሚወስደው ነርቭ አለ፣ እሱን አይነካውም።

የእኔ ልጅም እንደ ልጅሽ ቢጫ ሆና ነው መብራት ስር የተኛችው። ኦኤኢዋ በሁለቱም ጆሮ አለፈ። እልል ብለን ገባን። ግን ስጠራት አትዞርም፤ ፊቴን ስታይ ብቻ ትስቃለች። አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት። «ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ እየተቀላቀለባት ነው፣ አፏን ትፈታለች» ብለው መለሱን። ድሬ ላይ ሆነው እንዲህ ማለታቸው እስካሁን ያናድደኛል። ግቢያችን ያሉት ልጆች ሁሉ በሦስቱም ቋንቋ ነው የሚጣሉት! ቋንቋ መብዛቱ ልጅን ስሟ ሲጠራ እንዳትዞር አያደርግም። በኋላ አዲስ አበባ ኤቢአር ሲሠራላት ነው ጉዳዩ የታወቀው፤ ኤቢአር ራስ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ድምፁ በነርቩ በኩል እስከ አእምሮ ግንድ መድረሱን የሚለካ ምርመራ ነው። ሴሎቹ ደህና ናቸው፤ መልእክቱ ግን በነርቩ በኩል በሥርዓቱ አይደርስም። ደም ውስጥ የበዛው ቢሊሩቢን፣ ማለትም ያ ቢጫ የሚያደርገው ነገር፣ ሴሎቹን ትቶ ነርቩንና የአእምሮን ግንድ ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ነው ቀኙንም የምልሽ። የአሜሪካ የሕፃናት መስማት የጋራ ኮሚቴ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ5 ቀን በላይ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የቆየ ሕፃን በኤቢአር ይመርመር ይላል። ልጅሽ ያን ያህል ባይቆይ እንኳ ከባድ ቢጫነት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የተወጋው መርፌ ምን እንደነበርም ከመውጫ ወረቀቱ ላይ እይ። ጄንታማይሲን ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ እሱ ደግሞ ሴሎቹን ራሳቸውን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው።

የበሩን ነገር በተመለከተ፣ አማትሽን በአክብሮት አስረጂያቸው። በር ሲዘጋ ወለሉም አየሩም ይናወጣል፣ ድምፁም ከባድ ነው። ንግግር ግን ቀጭን ነገር ነው። «ስ» እና «ፍ» የመሳሰሉ ድምፆች ያመለጡት ልጅ በበር ጩኸት ሊደነግጥ ይችላል።

ጊዜውን ደግሞ እዪ። በዚያው ኮሚቴ ምክር ምርመራው በ3 ወር አልቆ እርዳታው በ6 ወር መጀመር አለበት። ልጅሽ 3 ወሩን ቢያልፍም ለእርዳታው ገና አልረፈደበትም። ኤቢአር የሚሠራው ሕፃኑ ድብን አድርጎ ሲተኛ ነው። የ4 ወር ልጅ ጠብቶ ይተኛል፤ ዓመት ሲሞላው ግን ማስተኛ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት መሣሪያው እየሠራ መሆኑን ደውለሽ አረጋግጪ፤ እዚሁ ድሬ ወይም ሐረር ከተገኘ ምን አለፋሽ። በዕለቱ ጠዋት መንገድ ላይ እንዳይተኛ አጫውቺው። ርቦት ይድረስ፣ እዚያው አጥቢው። ግንባሩንና ከጆሮው ጀርባ ቫዝሊንም ቅባትም አትቀቢው፤ እዚያ የሚለጠፉት ሽቦዎች አይይዙም።

ሲያልቅ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» የሚል ቃል ብቻ ይዘሽ አትውጪ። ለእያንዳንዱ ጆሮ በስንት ዴሲቤል ምላሽ እንደሰጠ ጠይቂ፣ ግራፉ ያለበትን ወረቀት ተቀበዪ። ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። መስሚያ መሣሪያ ካስፈለገው የሚስተካከልለት በዚያ ቁጥር ነው። የእኔ ልጅ አሁን መስሚያ ታደርጋለች፣ በምልክት ቋንቋም እናወራለን፤ ትምህርት ቤት ገብታለች። ቀጠሮ ስታገኚ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የኤቢአሩን ወረቀት አብረን እናነበዋለን።