ጋሼ፣ ባዮሱን ፍላሽ ላድርገው?

ይድረስ ለእናንተ ካቻቢቴ ለጨበጣችሁ ልጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን አቅፎ ሱቄ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ "ጋሼ፣ ፋኑ እንደ ጀነሬተር እየጮኸ ዶርም ውስጥ ሰው አላስተኛ አለ። ባዮሱን ፍላሽ ላድርገው?" አለኝ። ባዮስ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፍላሽ ማድረግ ማለት ደግሞ እሱን በሌላ ፋይል መተካት ነው። ልጁ ፋይሉንም ይዞ መጥቷል። ከየት አመጣኸው ብለው "ጓደኛዬ ሰጠኝ" አለ። የጓደኛው ላፕቶፕም "ያው አንድ ዓይነት" ነው አሉ።

አልተቆጣሁትም። በእሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ እንዲያውም ብሼ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ኮምፒውተር እየፈታሁ እገጥማለሁ። በእነዚህ ዓመታት ባዮስ ፍላሽ በማድረግ ያዳንኳቸው ማሽኖች አሉ፤ የገደልኳቸውም አሉ። ይህን የምጽፍላችሁ ሁለቱን ስላየሁ ነው።

ሰው ሲያስል አፉን አትደፍኑበትም፤ ደረቱን ታዳምጣላችሁ። ፋንም ሲጮህ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ የጠየቅሁት "የት ሆነህ ነው የምትጠቀምበት?" ብዬ ነው። "አልጋ ላይ" አለ። አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ብርድ ልብስ ላይ ስታስቀምጡት አፍንጫውን ይዛችሁ ሩጥ እንደማለት ነው።

ከዚያ ከፈትነው። በፋኑና ሙቀቱን በሚያስወጣው ሂትሲንክ ስስ የብረት ቅጠሎች መካከል አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ተቀምጧል። ፋኑ ነፋስ ያወጣል፤ ነፋሱ ግን መውጫ የለውም። ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ ደግሞ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ከዱባይ በሻንጣ የመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ስንትና ስንት ዓመት ሳይከፈቱ ሠርተው ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። በብሎወር ስትነፉ አንድ ነገር አትርሱ፤ ፋኑን በጣት ወይም በእንጨት ያዙት። ያለ ልክ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይበላሻል። ለሂትሲንኩ ያሰብኩት ንፋስ ፋን ገድሎብኝ ያውቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበውን ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት የበለጠ መሽከርከር አለበት። ቲንክፓድ የሚባሉትን የሌኖቮ ላፕቶፖች መመሪያ ብታነቡ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ የአካባቢ ሙቀት መሥራት ይችላል ይላሉ። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን ጣሪያው ወደ 31.3 ዲግሪ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ልጆች ይህ እናንተን ይመለከታል። ደግነቱ የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ ፋን ነው።

ስለዚህ እዚህ ያለ ላፕቶፕ ትንሽ ቢጮህ አይፈረድበትም። ብዙ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ከባድ ሥራ ላይ እያለ 75 ወይም 80 ብታዩ አትደንግጡ። ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ 80 ካለ ግን አንድ ነገር አለ።

ያን ጊዜ የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ክራክ የተደረገ ጌም ወይም ሶፍትዌር ጭናችሁ ከሆነ፣ ከኋላ ተደብቆ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሰው ክሪፕቶ ማይኒንግ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ የማምረት ሥራ፣ የሚያሠራ ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ባዮሱን አሥር ጊዜ ብትቀይሩለት አይድንም። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። በዊንዶውስ የፓወር ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት አውርዱት። ኢንቴል ላይ ይህ ተርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ነገር፣ ያጠፋዋል። ፍጥነቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሙቀቱና ጩኸቱ ግን ወዲያው ይወርዳል። ካልተመቻችሁ ወደ 100 ትመልሱታላችሁ። የምወደው ይህን መመለሱን ነው።

ታዲያ ባዮስ ከፋን ጋር ምን አገናኘው? ማዘርቦርዱ ላይ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ፤ በአጭሩ ኢሲ እንለዋለን። ቻርጁን፣ ኪቦርዱንና ፋኑን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። በውስጡ ሠንጠረዥ አለው፤ ሙቀቱ ይህን ያህል ሲደርስ ፋኑን በዚህ ፍጥነት አስነሳ፣ ይህን ያህል ሲወርድ አብርደው የሚል። በማስነሻውና በማብረጃው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ከሆነ ፋኑ በየደቂቃው ይነሳል፣ ያርፋል፣ ይነሳል። እንዲህ ዓይነት ጥፋት የፋብሪካው ነው። አምራቹ ሠንጠረዡን አስተካክሎ ከባዮስ አፕዴት ጋር ይልከዋል። ፍላሽ ማድረግ በእርግጥ የሚያድነው ያኔ ነው።

እንዴት ታውቃላችሁ? ከእያንዳንዱ አፕዴት ጋር ምን እንደተለወጠ የሚናገር ማስታወሻ አለ። አንብቡት። ስለ ፋን ወይም ስለ ሙቀት አንድም ቃል ከሌለበት ፋኑ ዝም ይላል ብላችሁ ፍላሽ አታድርጉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ትሮትልስቶፕ በሚባል ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ሙቀት የሚቀንሱ ልጆች አሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነበር። በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ላይ ግን ፕላንደርቮልት የተባለ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። በዚያው የቮልቴጅ በር በኩል የፕሮሰሰሩን ምስጢር መስረቅ እንደሚቻል ተመራማሪዎች አሳዩ። አምራቾችም በባዮስ አፕዴት በሩን ዘጉት። ፋኑን ጸጥ ላድርግ ብሎ አፕዴት ያደረገ ሰው ቮልቴጅ የመቀነሱን ነገር አጥቶ ላፕቶፑ ከበፊቱ ብሶ ሲግል አይቻለሁ። ልመለስ ቢል ደግሞ አንዳንድ ማሽን ወደ አሮጌው ስሪት መመለስን ይከለክላል። አፕዴቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ የደህንነት ቀዳዳ መዘጋት አለበት። ምን ሰጥታችሁ ምን እንደምትቀበሉ ግን ቀድማችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ባዮስ ሊጠፋ እንደሚችል መጀመሪያ ያየሁት በቫይረስ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲአይኤች የሚባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን ፈነዳ። የቼርኖቤል አደጋ በደረሰበት ቀን ስለሆነ ቼርኖቤል እያሉ ይጠሩታል። ቼን ኢንግሃው የተባለ የታይዋን ተማሪ የጻፈው ነው። ዲስኩን ከመደምሰሱ በላይ አንዳንድ ቦርዶች ላይ ባዮሱን ራሱን ያበላሽ ነበር። በማግስቱ ሁለት ኮምፒውተር መጣልኝ፤ ፓወሩ ይበራል፣ ስክሪኑ ጭልም። ያን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም።

መብራት በፈረቃ በነበረበት በ2001 ዓ.ም. አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፕ አመጣችልኝ። ፋኑ አያርፍም። የአምራቹ ማስታወሻ ስለ ፋን ይጠቅሳልና ምርመራዬ ትክክል ነበር። ችግሩ ባትሪው ሞቷል። የአፕዴቱ ፕሮግራም ባትሪ ሳይኖር አልሠራም ብሎ እምቢ አለ። እኔ ብልጥ ነኝ! ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን የቅንብር ፋይል ከፍቼ ባትሪ የሚፈትሸውን መስመር አጠፋሁት። ቀኑ የእኛ ሰፈር ተራ ስለሆነ መብራት አይጠፋም ብዬ ነው። ፍላሹ ምን ያህል እንደሄደ የሚያሳየው መስመር ግማሽ አልፎ ሲሄድ ከጎረቤት ጸጉር ቤት ያለው ሬዲዮ ዝም አለ። ላፕቶፑም አብሮ ዝም አለ።

መብራቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ላፕቶፑ አልተመለሰም።

ልጅቷ መጥታ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቴሲሷ ነው። እሱ ደህና ነበር። ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ዲስኩን አይነካውም። ዲስኩን ፈትቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ጽሑፏን አወጣሁላት። እናንተም ደንበኛ ፊት ስትቆሙ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሰው ይተነፍሳል። ላፕቶፑን ግን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። የሁለት ወር ገቢዬ ነበር። ያ የባትሪ ፍተሻ ሊያናድደኝ ሳይሆን ሊያድነኝ እንደተቀመጠ የገባኝ ያኔ ነው። ዛሬ ማንኛውም ፕሮግራም "ባትሪ አነስተኛ ነው" ሲለኝ "እሺ ጌታዬ" እላለሁ።

ስለዚህ ፍላሽ የምታደርጉ ከሆነ፣ ደህና ባትሪ ሞልታችሁ ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ይሁን። ፋይሉን ከአምራቹ ዌብሳይት ብቻ አውርዱ፤ የማሽኑን ትክክለኛ መለያ ከጀርባው ላይ አንብባችሁ። ዴል ከሆነ ሰርቪስ ታጉ አለ። ሌኖቮ ከሆነ የማሽን ዓይነቱ አለ፤ ለምሳሌ ቲ480 ቲንክፓድ 20ኤል5 ወይም 20ኤል6 ይላል። "ያው አንድ ዓይነት ነው" የሚባለው ላፕቶፕ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የሚሠራ ከሆነ ለጊዜው አስቁሙት። አለበለዚያ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ደንበኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ቁልፍ እንዳለው እንኳ ላያውቅ ይችላል።

አንዴ ከጀመረ እጃችሁን ሰብስቡ። ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ሊጮህ ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱን ሊያጠፋና ሊያበራ ይችላል። ብዙ ማሽን የሚሞተው ያኔ ደንግጦ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ በሚይዝ ሰው እጅ ነው። ሂዱና ቡና ጠጡ።

ቢሞትስ? ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ቁልፍና ቢ ተይዘው ሲበሩ ያስቀመጡትን የባዮስ ቅጂ ይፈልጋሉ። በርካታ ዴሎች ደግሞ ኮንትሮልና ኢስኬፕ ተይዘው ቻርጀር ሲሰካባቸው ወደ ማዳኛው ገጽ ይገባሉ። ይህ ካልሠራ የሚቀረው ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ ባዮሱን በቀጥታ ቺፗ ላይ መጻፍ ነው።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ርካሽ ነው፤ ግን በዳታ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት የሚልክ አለ። ብዙዎቹ የባዮስ ቺፖች የሚፈልጉት 3.3 ነው። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ 1.8 የሚፈልጉም አሉ። የቺፗን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር አንብቡ፣ መልቲሜትር ያዙ። ፕሮግራመሩን ከቺፗ ጋር የሚያገናኘውን ክሊፕ ከመግጠማችሁ በፊት ዋናውን ባትሪም ትንሿንም ክብ ባትሪ ንቀሉ። ከዚያ ምንም ሳትጽፉ መጀመሪያ አንብቡ። ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ሁለቱን ፋይሎች አወዳድሩ። ካልተመሳሰሉ ክሊፑ አልገጠመም ማለት ነው። እስኪመሳሰሉ ድረስ መጻፍ የለም።

ያ መጀመሪያ ያነበባችሁት ፋይል የማሽኑ መታወቂያ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ እዚያ ውስጥ አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በተሠሩት ብዙ ላፕቶፖች የዊንዶውሱ ቁልፍም እዚያው ነው። ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን የሌላ ሰው ቅጂ እንዳለ ከጻፋችሁበት ላፕቶፑ ሊነሳ ይችላል፤ ግን የሌላ ሰው ስም ይዞ ነው የሚነሳው። እኔ የደንበኞቼን የመጀመሪያ ፋይል በሙሉ በቀንና በሞዴል ሰይሜ አስቀምጫለሁ። ሚስቴ "የማይጣል ቆሻሻ" ትለዋለች።

ወደ ተማሪው ልመለስ። አቧራውን አወጣን፣ አዲስ ፔስት ቀባን፣ ገጠምነው። ቪዲዮ ሲያጫውት 94 ዲግሪ የነበረው 71 ላይ ቆመ። ፋኑ አለ፤ ግን ጆሮ ካላስጠጋችሁ አይሰማም። ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠና፣ "ግን ጋሼ፣ ባዮሱስ?" አለኝ። አይ ልጅነት! የአምራቹን ዌብሳይት አብረን ከፈትን። ላፕቶፑ ላይ ካለው ስሪት በኋላ የወጡ ሁለት አፕዴቶች አሉ፤ ሁለቱም ስለ ደህንነት እንጂ ስለ ፋን አያወሩም። ቢደረጉ ጥሩ ነው፤ ጥድፊያ ግን የለም። ቻርጀሩን ነቅዬ ሰዓት ያዝኩ። ባትሪው 9 ደቂቃ ቆይቶ ሞተ።

ባትሪ ገዝቶ ሲመጣ እዚሁ ቁጭ ብለን አብረን እናደርገዋለን ተባብለናል። የጓደኛውን ፋይል ግን ከመሄዱ በፊት በራሱ እጅ አጠፋው።