ከአቅራቢዎ ጀርባ ማን አለ? የመድኃኒት አቅርቦት ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የምመልሳቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም የሚያሳስባቸው ነገር አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ከእጃችን ከመድረሱ በፊት የት የት እንደነበረ ማወቅ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

«በባሕር ዳር የመድኃኒት መደብር አለኝ። አንዱ ቢያጣ ሌላው ይኖረዋል ብዬ ከሦስት ጅምላ አከፋፋዮች እገዛለሁ። ባለፈው ክረምት ግን የልጆች አሞክሳሲሊን ከሦስቱም ዘንድ በአንድ ሰሞን ጠፋ። ሦስት አቅራቢ መያዝ ምን ጠቀመኝ?»

የሦስቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው የአምራቹን ስም ያንብቡ። በሦስቱም ላይ አንድ ፋብሪካ ተጽፎ ካገኙ፣ ያለዎት ሦስት ደረሰኝ የሚቆርጥ አንድ አቅራቢ ነው። የአምራቾቹ ስም ቢለያይ እንኳ የመድኃኒቱ ዋና ንጥረ ነገር ከአንድ ቦታ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። በ2018 በቻይና የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ያመረተው ቫልሳርታን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ንጥረ ነገር፣ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ኬሚካል ተገኝቶበት ነበር። ከገበያ የተሰበሰቡት እንክብሎች ብዙ አገሮች ውስጥ፣ በብዙ የንግድ ስሞች የተሸጡ ነበሩ። በየሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ይለያያል እንጂ ምንጩ አንድ ነበር።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይምሰልዎ። በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ፣ የትንንሽ ከረጢት የጨው ውኃ ምርት በዚያች ደሴት ተከማችቶ ስለነበር የአሜሪካ ሆስፒታሎች በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ እስከ መቆጠብ ደርሰዋል። በመጋቢት 2020 ደግሞ ህንድ ፓራሲታሞልን ጨምሮ 26 ንጥረ ነገሮችና ከእነርሱ የሚሠሩ መድኃኒቶች ወደ ውጭ እንዳይወጡ ገደብ ጣለች። እንደ ፓራሲታሞል ያለ በየቤቱ የሚገኝ መድኃኒት ይህ ከደረሰበት፣ ሌላው ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ብዙ ከሚሸጡት ሳይሆን ቢጠፋ ሰው ከሚጎዳበት መድኃኒት ይጀምሩ፦ ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የአስም መንፊያ፣ የልጆች አንቲባዮቲክ። ከእያንዳንዱ አንጻር አምራቹን፣ አገሩን፣ አስመጪውን፣ ካዘዙ በኋላ ስንት ቀን ፈጅቶ እንደደረሰዎት ይጻፉ። አስመጪውንም «ንጥረ ነገሩ ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁት። ሁሉም አይመልስልዎትም፤ የሚመልሰውን ግን አጥብቀው ይያዙት።

መንገዱንም በደብተርዎ ውስጥ ያስገቡ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣው በአባይ በረሃና በደብረ ማርቆስ በኩል ነው። ያ መንገድ ሲዘጋ ሦስቱም አከፋፋዮችዎ አብረው ይዘጋሉ። በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ላይ የሚወጣ ሌላ መንገድ አለ፤ ግን እርሱም ሁልጊዜ ክፍት ነው ተብሎ አይታመንበትም። ምትክ ለሌላቸው መድኃኒቶች ዋናው መከላከያ በመደርደሪያዎ ላይ ያለው ተጨማሪ ክምችት ነው። ገንዘብ ይይዛል፤ አውቃለሁ። እኔ ብሆን ግን ያንን ገንዘብ ከቫይታሚንና ከቅባት ቀንሼ ለኢንሱሊን አውለው ነበር።

«በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የግዥ ኮሚቴ አባል ነኝ። አንድ ባልደረባችን አምራቾች ፍሳሻቸውን እንዴት እንደሚያስወግዱ በጨረታው ሰነድ ላይ እንጠይቅ ሲል፣ ሌሎቻችን ቅንጦት ነው አልነው። ማን ነው ትክክል?»

ባልደረባችሁ። በ2007 የታተመ ጥናት በህንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚያጣራ ጣቢያ የወጣን ውኃ መርምሮ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አግኝቷል። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን ይበልጣል። እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዳሉ፤ የለመዱትም በመንገደኛና በሸቀጥ አገር ያቋርጣሉ። እናንተ በርካሽ የገዛችሁት አንቲባዮቲክ በእናንተው ዋርድ ውስጥ የማይሠራበት ቀን ይመጣል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2024 የአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውንና ደረቅ ቆሻሻቸውን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው የሚያሳይ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ጥያቄውን ከራሳችሁ አልፈጠራችሁትም፤ «ይህን መመሪያ ትከተላላችሁን? ማስረጃችሁስ?» ብላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

ይሁንና በመጀመሪያው ዓመት ይህን ጥያቄ ተጫራች ውድቅ ማድረጊያ አታድርጉት። ብዙ ተጫራች ከወደቀ ጨረታው ይከሽፋል፤ ሕመምተኛውም ባዶ እጁን ይመለሳል። መልሱን ሰብስባችሁ አስቀምጡ፤ በሁለተኛው ዙር ነጥብ ስጡት። ዛሬውኑ ውድቅ ማድረጊያ መሆን ያለባቸው ሌሎች ናቸው፦ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን መመዝገቡ፣ የመልካም አመራረት ማረጋገጫው፣ የእያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት) የምርመራ ውጤት፣ ሲረከቡት የሚቀረው የአገልግሎት ዘመን። ከዚህ ላይ ከብዙ ኮሚቴ የሚጎድል አንድ ነገር አለ፤ አቅራቢው ከዚህ በፊት በቀኑ አስረክቦ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ። አሥር በመቶ አርክሶ ሦስት ወር የሚዘገይ አቅራቢ ርካሽ አይደለም። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ የጎደለውን ከግል መደብር በችርቻሮ ዋጋ የገዛችሁበትን ወጪ ደምሩና ለኮሚቴው አሳዩ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያ ወረቀት ያሳምናል።

«በጣና ደሴት ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። ኦክሲቶሲንና ክትባት ከባሕር ዳር በጀልባ እናመጣለን። በረዶ ሞልተን ብንጭንም ሥራውን ያልሠራ ኦክሲቶሲን የገጠመን ይመስለኛል።»

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ሲነካው ኃይሉን ያጣል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። ወልዳ ደሟ ለሚፈሳት እናት የተሰጠው መርፌ ውኃ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ይመስለኛል» ብለው አይተዉት፤ የባቹን ቁጥር መዝግበው ሪፖርት ያድርጉ።

በረዶ መሙላትም የራሱ አደጋ አለው። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የተጫነ የበረዶ ከረጢት ከዜሮ በታች ስለሆነ፣ የነካውን ክትባት በረዶ ያደርገዋል፤ እንደ ፔንታቫለንትና ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ክትባቶች ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሠሩ አይመለሱም። ከረጢቱን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያቆዩት። አንስተው ጆሮዎ አጠገብ ሲያንቀጠቅጡት ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ ከሰሙ ያኔ ወደ ሣጥኑ ያስገቡት። ቴርሞሜትሩን ከከረጢቱ ጋር ሳይሆን ከመድኃኒቱ መሃል ያስቀምጡት፤ ሲነሡና ሲደርሱ አንብበው ይጻፉት።

ጉዞው በማለዳ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ሣጥኑም ፀሐይ ላይ ይውላል። እምቦጭ የሚዘጋው የባሕር ዳርቻ ካለ ጀልባው የት እንደሚጠጋ አስቀድመው ይጠይቁ። የክምችት ሥርዓታችን ለጤና ጣቢያ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መጠን የሁለት ወር፣ ከፍተኛው የአራት ወር ነው። የደሴት ጤና ጣቢያ ወደ ሁለት ወር እስኪወርድ መጠበቅ የለበትም፤ በየሁለት ወሩ በሚልኩት የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ ላይ የጀልባውን መዘግየት ምክንያት አድርገው ይጻፉ።

«ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕና እንክብል በጓሮ ብናቃጥል ወይም ሽሮፑን ወደ ቦይ ብናፈስሰው ምን ችግር አለው?»

የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም አባይ ነው። በዚያ ውኃ ሰው ዓሣ ያሰግራል፣ ይታጠባል፣ ከብት ያጠጣል። በጓሮ የሚነድ እሳት ደግሞ መድኃኒቱን በሚገባ ለማቃጠል በቂ ሙቀት የለውም፤ ጭሱን ለጎረቤት ይልካል። ዕቃውን ለይታችሁ፣ በዝርዝር መዝግባችሁ፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡና በተቆጣጣሪው አካል ፊት እንዲወገድ አመልክቱ። ከማስወገድ የሚቀለው ግን እንዳይከማች ማድረግ ነው፤ ቀድሞ የሚያልፍበትን ከፊት አድርጉ። የእርዳታ መድኃኒት ሲመጣላችሁም ቀኑን ሳታዩ አትፈርሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የእርዳታ መመሪያ ወደ አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው መሆን አለበት ይላል።

«የአገር ውስጥ ምርት ብቻ ብገዛ ከዚህ ሁሉ ስጋት አልድንም?»

ከከፊሉ ይድናሉ። ባሕር አያቋርጥም፤ ተቆጣጣሪው ፋብሪካውን በመኪና ሄዶ ያያል፤ ቅሬታዎንም በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ያቀርባሉ። እኔም ጥራቱ እኩል ከሆነ የአገሩን እመርጣለሁ። ነገር ግን ፋብሪካዎቻችን ዋናውን ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚያመጡት ከውጭ በመሆኑ፣ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር እነርሱም ይቆማሉ። ጥሬ ዕቃው ከተበከለም አገር ውስጥ መቀመሙ አያነጻውም። በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ፣ በወሰዷቸው ሽሮፖች ውስጥ ዳይኢቲሊን ግላይኮልና ኢቲሊን ግላይኮል የተባሉ መርዞች ተገኝተዋል። ስለዚህ የልጆች ሽሮፕ ሲገዙ አምራቹ የአዲስ አበባም ይሁን የሙምባይ፣ ማሟሚያው (መድኃኒቱ የሟሟበት ፈሳሽ) ከእነዚህ ሁለት መርዞች ነጻ መሆኑ የተመረመረበትን ወረቀት ከባች ቁጥሩ ጋር ይጠይቁ። ወረቀቱ ከሌለ ሽሮፑን አይረከቡ።