የግማሽ በርሜል መቀቀያ ለእርጥብ ሳህን

ወንድሜ፣ ከእርጥብ እንጨት የጠረብከው የዋንዛና የወይራ ሳህን ከቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ ከሚያስጠርበው ማሽን) በወረደ በሳምንቱ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረህ፣ ሳህኑን በውሃ የምትቀቅልበት መቀቀያ ከበርሜል ልትሠራ ነው። በርሜሉን እንዴት ልቁረጠው፣ ስንት ሰዓትስ ልቀቅል ብለህ ጠይቀሃል።

በርሜሉ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሳህኑ ከውሃ ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ናቸው፤ ብዙ ሰው ትጋቱን ሁሉ እሳቱ ላይ ይጨርስና እዚያ ላይ ይዘናጋል። መቀቀል ማድረቅ አይደለም። ሙቀቱ ቃጫውን ያጣበቀውን ሊግኒን ያለሰልሳል፣ ዛፉ ሲያድግ በውስጡ የያዘው ውጥረት ይረግባል። ውሃው ግን አሁንም እንጨቱ ውስጥ ነው፤ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት።

መጀመሪያ የበርሜሉ ምርጫ። የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልግ። ነዳጅ፣ ቲነር ወይም አልኮል የነበረበት በርሜል ባዶ ነው ቢሉህም ትነቱ ውስጡ አለ፤ የግራይንደር ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። የፀረ ተባይ በርሜልማ ጭራሽ አይታሰብ። የዘይቱንም ቢሆን በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግመህ እጠበው፣ ከመቁረጫው መስመር አራት ጣት ዝቅ እስኪል ውሃ ሞልተህ ቁረጠው። ጋልቫናይዝድ የሆነ (በዚንክ የተለበጠ) ዕቃ እሳት ላይ አትጣድ፤ ደርቆ ከጋለ ከዚንኩ የሚወጣው ጭስ ያሳምማል።

የ200 ሊትር በርሜል ወርዱ 57 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ቁመቱን ተከትለህ እንደ ከብት ገንዳ አትሰንጥቀው፤ ጥልቀቱ 28 ሴንቲ ብቻ ስለሚሆን ትልቅ ሳህን አይሸፍንም፣ ሲሞቅም ይጣመማል። አግድም ቁረጠው፣ የበርሜሉን ወገብ ከሚዞሩት ሁለት ጉብ ያሉ ቀለበቶች ከላይኛው ሁለት ጣት ከፍ ብለህ። ቀለበቱ አፉን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አልስልሰው፣ አለዚያ እጅህን ይቀድሃል። ከታች፣ ከወለሉ አምስት ሴንቲ ከፍ ብሎ፣ ከማገዶው አፍ በተቃራኒው በኩል የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ አስበይድና የብረት ሩቢኔት ግጠምለት። መቶ ሊትር ትኩስ ውሃ በርሜል አዘንብሎ መድፋት አደገኛ ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ ክፍት እሳት ማንደድ ይቻላል፣ ግን ማገዶ ይፈጃል። መቶ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይጠጣል። ክፍት እሳት አብዛኛውን ሙቀት ለነፋስ ስለሚሰጥ ከ12 ኪሎ በላይ ደረቅ ፍልጥ ለማፍላት ብቻ ያልቃል። ሦስቱን ጎን በብሎኬት ከበህ በጭቃ ብትመርገው፣ በበርሜሉና በግድግዳው መካከል ሦስት ጣት ለጭስ ብትተው፣ በጣም ይቀንሳል። ክዳን አድርግለት፣ ላሜራ ይበቃል፣ ግን ብቻውን ይቀመጥ፤ አትሰር፣ አትቆልፍ። እንፋሎት መውጫ ካጣ በርሜሉ ቦምብ ይሆናል።

ውስጡ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ከወለሉ አምስት ሴንቲ ከፍ የሚል የፌሮ ወንበር ነው፤ ሳህኑ የጋለውን ወለል ከነካ ይጠቁራል፣ ይቃጠላል። ሁለተኛው ማስጠሚያ ነው። እርጥብ እንጨት ብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ከውሃ በላይ የቀረው ጠርዝ ሳይበስል ይቀራልና ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ድንጋይ መጫን አይበቃም፣ ውሃው ሲፈላ ይንሸራተታል። በበርሜሉ አፍ ላይ በተቃራኒ ጎን ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብስና ፌሮ አሳልፍበት፤ በፌሮው ሥር የተጠረበ እንጨት ሽጉጠህ ሳህኑን ወደ ታች ተጫነው። ሳህኑን ደግሞ አፉን ደፍተህ አትክተት። አየርና እንፋሎት ከሥሩ ይታፈንና የሳህኑ ወለል ውሃ ሳይነካው ይውላል። በጎኑ አቁመው።

ስለ ሰዓቱ። የተለመደው ልክ ለ2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ሰዓት ነው፣ የሚቆጠረውም ውሃው እንጨቱን ይዞ ከፈላ በኋላ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት የግድግዳውን ውፍረት ስለሚለኩ ነው። 30 ሴንቲ ወርድ ያለውን ሳህን እንደ ደንቡ አንድ አስረኛውን፣ ሦስት ሴንቲ፣ ግድግዳ ትተህለት ይሆናል። ወለሉ ግን የቶርኖው መንጋጋ ከሚይዘው እግር ጋር አራት ተኩል ሊሆን ይችላል። ልኩን ከወፍራሙ ቦታ ውሰድ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ እኔ ሩብ ያህል እጨምራለሁ፤ ለዚህ ሳህን ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ወይራና ባህር ዛፍን ከቀዝቃዛ ውሃ ጀምረህ አብረህ አሙቅ እንጂ በሚፈላ ውስጥ አትጣል። ነጭ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ወደ ውስጥ መጨማደድ ይወዳል፣ መቀቀልም ይህን አያድንለትም፤ መጀመሪያ በአንድ ሳህን ሞክር። የጎደለውን ውሃ በፈላ ውሃ ሙላ፤ ቀዝቃዛ ከጨመርክ ሰዓቱ ይቋረጣል።

ታኒን (ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ኮምጣጣ ነገር) ያለው እንጨት፣ ለምሳሌ ግራር፣ ብረት ሲነካ ሰማያዊና ጥቁር ይሆናል። ሳህኑ ገና ወፍራም ስለሆነ እድፉ ከደረቀ በኋላ በሚደረገው የመጨረሻ ጠረባ ሊነሳ ይችላል፣ ነጣ ያለ እንጨት ግን አብረህ አትቀቅል። ለሁለት ሦስት ሳህን ከሆነ የድግስ የአሉሚኒየም ጎላ ይሻላል፣ አያጠቁርም። ውሃው እንደ ቡና ሲጠቁር ድፋው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እሳቱን አጥፍተህ ክዳኑን እንደከደንክ ውሃው ለብ እስኪል ተወው፣ አዳሩን ቢያድርም ችግር የለም። ትኩስ ሳህን አውጥተህ ነፋስ ላይ ካስቀመጥከው ላዩ በደቂቃ ይደርቃል፣ ውስጡ ውሃ ነው፤ ላዩ ሲኮማተር ውስጡ እንቢ ስለሚለው ይቀደዳል። ሲበርድ አውጣው፣ ላዩን በጨርቅ ጥረግ፣ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አሳድረውና በሲሚንቶ ከረጢት የውስጥ ወረቀት ሁለት ሦስት ድርብ ጠቅልለው። የሲሚንቶውን ብናኝ በደንብ አራግፍ። ወይራ ከሆነ የቃጫው ጫፍ የሚወጣባቸውን ሁለቱን ጎኖች በኮላ ቀባቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነፋስ ስንጥቅ ያመጣል፣ ክረምቱ ደግሞ ሻጋታ፤ በክረምት የመጀመሪያውን ሳምንት ወረቀቱን በየሁለት ቀኑ ለውጥ። ከሰጋቱራ ጋር ካርቶን ውስጥ መቅበርም ይሠራል፣ ሰጋቱራው ደረቅ ይሁን።

መቀቀል የማያድነውም አለ። የግንዱ እምብርት ሳህኑ ውስጥ ካለ ይሰነጠቃል፣ የቱንም ያህል ብትቀቅለው። የተጀመረ ስንጥቅ አይዘጋም። ቶርኖ ላይ ተጠርቦ ሁለት ቀን ፀሐይ የመታው ሳህንም ውስጡ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዕለት መቀቀል ካልቻልክ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከረው። ሳህኑ ሲደርቅ ሞላላ መሆኑ አይቀርም፣ ስለዚህ የመያዣውን እግር ከመጨረሻው ልክ አንድ ሴንቲ አስፍተህ ተወው፣ በኋላ ታስተካክለዋለህ።

የጠቀለልክበትን ቀንና ክብደቱን በእርሳስ እግሩ ላይ ጻፍ። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝነው፤ ሦስት ሳምንት ተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየህ ወደ ቶርኖው መልሰው።